ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ሩቅ ስትልኩ፦ ከሥራው ተነሥቶ እስከ ሳጥኑ

ተጎድቶ የሚደርስ ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚወጣው ደህና ከሆነ ሳጥን ውስጥ ነው። እንጨቱ አልተሰነጠቀም፣ ማዕዘኑ አልተመታም፤ ክዳኑ ሲነሣ ግን መስታወቱ ደቅቋል፣ ወይም የመጠቅለያው ፕላስቲክ ቀለሙ ላይ ክብ ክብ ምልክት ትቷል። ይህን ደጋግሞ ያየ ሰው ጉዳቱ የተጀመረው ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት እንደሆነ ይገባዋል። ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ተትቷል፣ ቀለሙን የሚነካ ነገር ተደርጓል፣ ወይም ሙቀቱና እርጥበቱ አልታሰበም። ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ወደ ሩቅ አገር የሚልክ ሰው አብዛኛውን ገንዘቡን ለእንጨቱ ውፍረት ያውላል። በዚህ ሥራ ላይ ቆይቼ የያዝኩት ቅደም ተከተል ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ላዩን የሚነካው፣ ከዚያ የሚደግፈው፣ ሳጥኑ መጨረሻ ላይ። ሠዓሊዎችም ሰብሳቢዎችም ይህን በገዛ ሥራቸው ላይ በደረሰ ጉዳት እንዳይማሩት ስል በዚያው ቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀለሙ ደርቋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የዘይት ቀለም ጣት ላይ ስላልተጣበቀ ብቻ ደረቀ አይባልም። ስስ ሆኖ የተቀባው ከወራት በኋላ ለጉዞ ይደርሳል፤ በቢላ ወፈር ተደርጎ የተደረበው ግን ላዩ ቆዳ አበጅቶ ውስጡ ከዓመት በላይ ለስላሳ ሊሆን ይችላል። አክሪሊክ ቀለም በሰዓታት ስለሚደርቅ ብዙ ሰው ይዘናጋበታል። አክሪሊክ ግን ሙቀት ሲያገኘው መልሶ የሚለሰልስ ፕላስቲክ ነው፤ በሞቀ መኪና ውስጥ ከተጫነው ነገር ጋር ይጣበቃል። ብርዱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እየወረደ ሲሄድ ደግሞ ይጠነክርና ትንሽ ምት ይሰነጥቀዋል። ቀለሙ ተላጦ የተንጠለጠለ ቅርፊት ካለው ምንም ዓይነት ጥቅልል አያድነውም፤ ከጉዞው በፊት የጥገና ባለሙያ ይየው።

ቀጥሎ ፎቶ። ሙሉውን ከፊት፣ ሙሉውን ከኋላ፣ አራቱን ማዕዘን በቅርበት፣ ፊርማውን፣ ያለውን ጭረትና ስንጥቅ ሁሉ አንሡ። ከዚያ መብራቱን ወደ አንድ ጎን አውርዳችሁ ብርሃኑ የሥዕሉን ገጽ ታክኮ እንዲያልፍ አድርጉና እንደገና አንሡ፤ ከፊት ለፊት የማይታይ እብጠትና ጥርምስ በዚህ ብርሃን ጥላ ይጥላል። ከእያንዳንዱ ጉዳት ጎን ማስመሪያ ያዙ። ቀኑን፣ መጠኑን፣ ክብደቱን ጻፉ። ኋላ ከኢንሹራንስ ጋር ክርክር ቢነሣ የሚያነጋግረው ይህ ወረቀት ነው፤ ያለ እሱ ስንጥቁ በጉዞ ላይ መጣ ብሎ ማስረዳት በጣም ይከብዳል።

ከዚያ ሥዕሉን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። የመስቀያ ሽቦውና ቀለበቱ ይውለቁ፤ ጎን ለጎን ከሚቆመው ሥራ ላይ ጉድጓድ የሚያበጁት እነሱ ናቸው። የወጡት ቪቴዎችና ቀለበቶች በትንሽ ከረጢት ገብተው የሥራው ቁጥር ይጻፍባቸውና ከሳጥኑ ጋር ይሂዱ። ሸራው የተወጠረበት ቴላዮ ማዕዘኑ ላይ የሚገቡ ትናንሽ የእንጨት ሽብልቆች ካሉት በጉዞ ንዝረት ይፈቱና በሸራውና በእንጨቱ መካከል ይወድቃሉ፤ ከፊት በኩል የሚታየውን እብጠት የሚፈጥሩትም እነሱ ናቸው። በክርና በትንሽ ሚስማር ወይም እንጨቱን በማያበላሽ ፕላስተር ያዟቸው።

ለሸራ ሥዕል ከምታደርጉለት ነገር ሁሉ በትንሽ ወጪ ብዙ የሚጠቅመው የኋላ ሰሌዳ ነው። ሸራ በመኪና ላይ እንደ ከበሮ ይመታል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በተወዛወዘ ቁጥር ቀለሙ ይተጣጠፋል፣ ያረጀ ቀለም ደግሞ መተጣጠፍ አይችልም። ከቴላዮው ጀርባ ጠንካራ ካርቶን፣ ፎም ቦርድ ወይም ቦይ ያለው የፕላስቲክ ሰሌዳ ዙሪያውን በቪቴ ስታስሩ በሸራውና በሰሌዳው መካከል የታሰረው አየር ውዝዋዜውን ያበርደዋል። ሰሌዳው ጀርባውን ከጣትና ከስለት ይጠብቃል፤ አቧራም አያስገባም። የቪቴው ርዝመት ከቴላዮው ውፍረት ማነሱን ሁለት ጊዜ ለኩ።

መስታወት ያለው ፍሬም ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከተቻለ መስታወቱን በአክሪሊክ፣ ማለትም እንደ መስታወት ጥርት ባለ የፕላስቲክ ሰሌዳ፣ መቀየር ጥሩ ነው። 3 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 7.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የዚያው ውፍረት አክሪሊክ 3.6 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፣ ሲመታም እንደ ስለት አይበታተንም። ግን ፓስቴል፣ ከሰልና በቀላሉ የሚራገፍ ቀለም ያለው ሥራ ላይ ተራ አክሪሊክ አታድርጉ፤ ሲታሸት የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ሙል ብናኙን ከወረቀቱ ላይ ይስበዋል። መስታወቱ የሚቆይ ከሆነ በቀላሉ የሚነሣ የወረቀት ፕላስተር ወደ ጎንም ወደ ላይም እየደረባችሁ ለጥፉ፤ ቢሰበር ስብርባሪው ተያይዞ ይቀራል፣ ሥዕሉን አይጭረውም። ፕላስተሩ ፍሬሙን መንካት የለበትም፤ ወርቅ ቅብ ከሆነ ቅቡን ይዞ ይነሣል። ነጸብራቅ የማይሰጥ ሽፋን ባለው መስታወት ላይና በአክሪሊክ ላይ ግን ፕላስተር ፈጽሞ አይለጠፍም፤ ሽፋኑን ያበላሻል፣ ሙጫውም ይቀራል። እንደደረሰም ፕላስተሩ ወዲያው ይነሣ፤ ሲቆይ ሙጫው ይደርቃል።

አሁን የሥዕሉን ገጽ የሚነካውን እንምረጥ። ከሁሉ የሚሻለው ምንም ነገር አለመንካቱ ነው። በተለይ ቀለሙ ወፈር ያለ፣ ገና ያልበሰለ ወይም አክሪሊክ ከሆነ ወረቀትም ፕላስቲክም ፊቱ ላይ እንዳያርፍ አድርጉ። ባብል ራፕ በሥዕል ፊት ላይ ማድረግ ከሁሉ የተለመደው ጥፋት ነው፤ አረፋዎቹ በግፊትና በሙቀት ቀለሙ ላይ የክብ ምልክታቸውን ያትማሉ፣ ያ ምልክት ደግሞ አይጠፋም። ባብል ራፕ የሚመጣው በውጭ፣ ከሌላ ሽፋን በላይ፣ አረፋው ወደ ውጭ ዞሮ ነው። ለደረቀና ለጥ ላለ ገጽ ግላሲን የሚባለው ለስላሳ ወረቀት ይሠራል፤ ለአክሪሊክ ግን ሲሊኮን የተቀባው፣ ከምንም ጋር የማይጣበቀው ወረቀት ይሻላል። ጋዜጣ አታስጠጉ፤ ቀለሙም አሲዱም ይሸጋገራል።

ፍሬም የሌለውን ሥዕል ሳይነካ ለማጓጓዝ የጉዞ ፍሬም ይሠራለታል። ከሥራው በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ተራ የእንጨት ክፈፍ ነው። ጥልቀቱ ከቴላዮው ውፍረት ቢያንስ በ3 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት፤ እንዲህ ሲሆን የቀለሙ ገጽ ከክፈፉ ጠርዝ በታች ይቀራል። ሥዕሉ ከክፈፉ ጋር የሚያያዘው ከቴላዮው ጀርባ በሚታሰሩ አራት ጠፍጣፋ ብረቶች ነው፤ ሥራው ከ1 ሜትር የሚረዝም ከሆነ ስድስት አድርጓቸው። ክፈፉ ላይ ፕላስቲክ ወይም ካርቶን ስትወጥሩ ሽፋኑ ጠርዙ ላይ ያርፋል እንጂ ቀለሙ ጋ አይደርስም። ተሸካሚውም የሚይዘው ክፈፉን ነው፤ የሥዕሉ ጠርዝ ላይ የጣት አሻራ አይቀርም። ይህ ክፈፍ ግማሽ ቀን ቢፈጅም በእኔ ዓይን ከማንኛውም ውድ መጠቅለያ ይበልጣል።

ፍሬም ላለው ሥራ አራቱ ማዕዘኖች በታጠፈ ካርቶን ወይም በፎም ይሸፈኑና ሁሉም ነገር በፖሊኢቲሊን ፕላስቲክ ይጠቀለላል። ፕላስተር የሚለጠፈው ፕላስቲኩ ራሱ ላይ ብቻ ነው። የእያንዳንዱን ፕላስተር ጫፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እጠፉት፤ የሚከፍተው ሰው በጣቱ ይዞ ይስበዋል። ይህች እጥፍ ከሌለች ተቀባዩ ቢላ ያነሣል፣ ቢላውም ከፕላስቲኩ አልፎ ሸራው ላይ ይደርሳል። በጥቅሉ ላይ «ፊት» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ፤ ከተጠቀለለ በኋላ የቱ ፊት የቱ ጀርባ እንደሆነ አይለይም፣ በፊቱ የሚያስተኛውም ብዙ ነው።

በወረቀት ላይ የተሠራ ፍሬም የሌለው ሥራ ከሆነ ከአሲድ ነጻ በሆነ ሰሌዳ ላይ አስቀምጣችሁ አራቱን ማዕዘን በወረቀት ኪስ ያዙት፤ ሙጫም ፕላስተርም አይንካው። ከላዩ ሌላ ሰሌዳ፣ ከዚያ ከውጭ ሁለት ጠንካራ ካርቶኖች ከሥራው በየጎኑ በ5 ሴንቲ ሜትር የሚሰፉ። የአንዱ ካርቶን ውስጣዊ ቦይ ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ጎን እንዲሄድ አድርጉ። የሁለቱም ቦይ በአንድ አቅጣጫ ከሆነ በዚያው መስመር ይታጠፋል፤ ሲሻገሩ ግን በየትኛውም በኩል አይታጠፍም።

ሸራ ጠቅልሎ መላክ ርካሽ ነው፤ እኔ ግን ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ የሚደረግ ነው እላለሁ። ግድ ከሆነ ቀለሙ ወደ ውጭ ይዙር። ወደ ውስጥ ሲዞር ቀለሙ ይጨመቅና ይላጣል፤ ወደ ውጭ ሲሆን ትንሽ ይወጠርና ሲዘረጋ ወደ ቦታው ይመለሳል። የሚጠቀለልበት ቱቦ ሰፊ ይሁን፤ ከ20 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ፣ ለወፍራም ቀለም 30 እና ከዚያ በላይ። የፖስታ ቤት ቀጭን ቱቦ ለፖስተር እንጂ ለሸራ አይሆንም። የተጠቀለለው ቱቦ ከእሱ በሚሰፋ ሌላ ቱቦ ወይም ሳጥን ውስጥ ሁለቱን ጫፉን ተደግፎ መቀመጥ አለበት፤ መሬት ላይ ከተጋደመ የገዛ ክብደቱ ከታች በኩል ያለውን ቀለም ይጫነዋል።

አሁን ወደ ፎሙ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ። ፎም የሚጠብቀው ለስላሳ ስለሆነ ሳይሆን ምት ሲመጣ በዝግታ ስለሚጨመቅ ነው። ቀላል ሥራ በሰፊ ፎም ላይ ካረፈ ፎሙ አይጨመቅም፤ ምቱን እንደ እንጨት ያሳልፈዋል። ከባድ ሥራ በትንሽ ፎም ላይ ካረፈ ደግሞ ፎሙ እስከ መጨረሻው ተጨምቆ ሥራው እንጨቱን ይመታል። ሁለቱም ስብራት ናቸው፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው ፎም የበዛበት መሆኑ ነው፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም።

በሜትር ኩብ 33 ኪሎ ግራም ገደማ ለሚመዝን፣ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ነጭ የፖሊኢቲሊን ፎም በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ35 እስከ 70 ግራም ቢያርፍበት በደንብ ይሠራል። አምራቾች ለየፎሙ ሠንጠረዥ ያወጣሉ፤ ካገኛችሁት በእሱ ሂዱ። አንድ ሥዕል ከነፍሬሙ 100 በ80 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 6 ኪሎ ግራም ነው እንበል። የታችኛው ጎኑ በሙሉ ፎም ላይ ቢያርፍ 500 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 6,000 ግራም ሲካፈልለት 12 ግራም ብቻ ይደርሳል። ፎሙ አይጨመቅም ማለት ነው። በዚያ ፈንታ ወደ ሁለቱ ማዕዘን ጠጋ ብለው እያንዳንዳቸው 12 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ፎሞች ብታደርጉ የሚነካው ስፋት 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያ 50 ግራም ነው። በትክክል ቦታው ላይ ነው፤ ያውም ከሩብ በታች በሆነ ፎም። ሳጥኑ ሊገለበጥ ስለሚችል ይኸው ሒሳብ ለስድስቱም ጎን ይሠራል። ከፊትና ከኋላ በኩል ያሉት ፎሞች የፍሬሙን እንጨት ይደግፉ፤ መስታወቱንም ሸራውንም አይንኩ። የፎሙ ስፋት ከውፍረቱ ባያንስ ይመረጣል፤ ካነሰ ሲጫን ወደ ጎን ይታጠፋል።

የፎሙ ዓይነትም ይለያያል። ለፍራሽ የሚሆነው ቢጫ ስፖንጅ ለቀላል ሥራ ምት ይይዛል፤ ግን እያረጀ ይፈራርሳል፣ ዱቄቱም ይጣበቃል፤ ስለዚህ ሥራው ለረጅም ጊዜ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ አይሆንም። ፖሊኢቲሊኑ አይፈራርስም። ሳጥን ውስጥ የሚነሰነሱት የፎም ፍሬዎች ግን ለሥነ ጥበብ ሥራ አይሆኑም፤ በንዝረቱ ፍሬዎቹ ይሸሻሉ፣ ከባዱ ነገር እየሰመጠ ወለሉ ላይ ይደርሳል። የተነሣው መሀል ላይ ሆኖ፣ የሚደርሰው ግርጌ ሆኖ ነው።

ሳጥኑ የሚለካው ሥራው ከተጠቀለለ በኋላ ነው። ከላይ ያልነው ሥዕል ተጠቅልሎ 102 በ82 በ7 ቢሆን፣ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ፎም ሲጨመር የውስጡ ስፋት 112 በ92 በ17 ይሆናል። ግድግዳው 9 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ይበቃዋል፤ ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ለሚሆን ወይም ለትልቅ ሥራ 12 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጠርዙ ሁሉ በውጭ በኩል በቀጭን ጣውላ ይታጀባል፤ ረጅም ጎን ካለው መሀሉ ላይም አንድ ይጨመር። መገጣጠሚያው ኮላና ቪቴ ነው። ሚስማር በንዝረት እየወጣ ይመጣል፣ ሲነቀልም ሳጥኑን ያንቀጠቅጠዋል። ለጂፕሰም ቦርድ የሚሠራውን ጥቁር ቪቴም አትጠቀሙ፤ ተሰባሪ ነው፣ በጎን ኃይል ሲያርፍበት አንገቱ ይቀነጠሳል። ክዳኑ በ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር እየተራራቀ ይታሰር፤ ዳዶው ከውስጥ በኩል እንጨቱ ላይ የተያዘ ይሁን። ቪቴ አንድ ጊዜ ወጥቶ ሲመለስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ብሎን ግን ሥራው ለመልስ ጉዞ ሲታሸግም እንደ መጀመሪያው ያጠብቃል። በክዳኑ ዙሪያ ቀጭን ጎማ ወይም ፎም ለጥፉ፤ ዝናብና አቧራ የሚገባው በዚያ ነው።

ከሳጥኑ ሥር 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ሁለት ወይም ሦስት ሞራሌዎች ይኑሩ። የፎርክሊፍቱ ሹካ የሚገባበት ቦታ ካላገኘ ሠራተኛው ሳጥኑን ያዘነብለዋል፣ ይገፋዋል፣ ይጥለዋል። መያዣውም ከፍ ብሎ ይተከል። በአንድ ሰው የሚያዝ ሳጥን የሚወድቀው ከወገብ ከፍታ፣ ማለትም ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ መያዣው ወደ ላይ ከፍ ባለ መጠን የሳጥኑ ግርጌ ለመሬት ይቀርባል፣ የመውደቂያው ከፍታም ይቀንሳል። ትንሽና ቀላል ጥቅል ይወረወራል፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ሳጥን ግን በጥንቃቄ ይቀመጣል። ስለዚህ ትንሽ ሥራን በጣም ትንሽ ሳጥን ውስጥ ማሸግ እንደ ቁጠባ አይቆጠር።

ቀለም፣ ኮላና አዲስ እንጨት ሽታ አላቸው፤ ሽታው ደግሞ ጋዝ ነው። የተቀባ ሳጥን ተከፍቶ ለሳምንታት ይናፈስ። ኦክ የሚባለው እንጨት የሚያወጣው የአሴቲክ አሲድ እንፋሎት እርሳስን ይበላል፤ የእርሳስ ብረት ያለበት ቅርጽ በዚህ እንጨት በተሠራ ሳጥን ውስጥ አይቀመጥ።

ሳጥኑ ድንበር የሚሻገር ከሆነ አንድ ሕግ አለ፤ አይ ኤስ ፒ ኤም 15 ይባላል። ከተባይ ለመጠበቅ ሲባል ማሸጊያ እንጨት ሁሉ እስከ እምብርቱ 56 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ መቆየት ወይም በሌላ የጸደቀ መንገድ መታከም አለበት፤ የስንዴ ዛላ የሚታይበት ማኅተምም ይደረግበታል። ኮምፔርሳቶና ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ እንጨት ከዚህ ነጻ ናቸው። ብዙዎች ኮምፔርሳቶ ነው ብለው ይረጋጉና የታችኛውን ሞራሌና የጠርዙን ጣውላ ይረሳሉ፤ ጉምሩክ የሚያስቆመው በዚያ ነው። ማኅተሙን በእጅ መጻፍ አይቻልም፤ ፈቃድ ያለው አካል ያትመዋል። ያረጁ የቅርስ ሥራዎችን ከአገር ለማስወጣት ደግሞ አብዛኞቹ አገሮች ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ፈቃዱ ሳይያዝ ሳጥን አታሠሩ።

ቅርጻ ቅርጽና ሸክላ ሲሆን አስተሳሰቡ ይለወጣል። መጀመሪያ የሥራው ጠንካራ ቦታ የት እንደሆነ ለዩ፦ መቆሚያው፣ ወገቡ፣ ትከሻው። ድጋፉ እዚያ ይሁን። ወጣ ያሉ እጆች፣ ጆሮዎች፣ ቀንዶችና እጀታዎች ግን ባዶ ቦታ ላይ ይንጠልጠሉ፤ ፎም ካስጠጋችሁባቸው ምቱ ሁሉ በእነሱ በኩል ያልፋል። ሥራውን ከእጀታው ወይም ከአንገቱ ይዛችሁ አታንሡ፤ አንድ እጅ ከሥር፣ አንድ እጅ ከጎን። የሚያብረቀርቅ ሸክላና መስታወት በጥጥ ጓንት አይያዝም፣ ያዳልጣል፤ ናይትራይል ጓንት ይሻላል። ለብረት ጓንት ግድ ነው፤ የጣት ላብ ከወራት በኋላ ዝገት ሆኖ ይወጣል።

ለመካከለኛ ቅርጽ የሚቀለው የፎም ንብርብር ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው የፎም ሰሌዳዎች ከሳጥኑ ውስጥ ልክ ጋር ተቆርጠው ይደረደራሉ፤ በየንብርብሩ ላይ የሥራው ቅርጽ በዚያ ከፍታ ያለው ልክ ይቆረጣል። ሥራው ሲቀመጥ የመጨረሻዎቹ ንብርብሮች ከሁለት ወገን ተገፍተው ይገጥማሉ። የተቆረጠው የፎም ፊት ሻካራ ስለሆነ በለስላሳ ጨርቅ አልብሱት። እያንዳንዱን ንብርብር ቁጥር ስጡት፣ ቀስትም አድርጉበት፤ ተቀባዩ ወይም ጉምሩክ ፈትቶ ሲመልሰው እንዳይሳሳት። ለትንሽና ለተሰባሪ ነገር ሳጥን በሳጥን ይሠራል፦ ሥራው በፎም ንብርብሩ ውስጥ ሆኖ በካርቶን ይዘጋል፣ ካርቶኑ በ5 ሴንቲ ሜትር ፎም ተከቦ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ክፍት አፍ ያለውን ማሰሮ ከአሲድ ነጻ በሆነ ሳሳ ወረቀት ሙሉት፣ ግን አትጠቅጥቁት፤ ከውስጥ የሚገፋ ግፊት ስንጥቁን ይከፍተዋል። ክዳን ካለው ለብቻው ይታሸግ።

ከአንድ በላይ ሥዕል በአንድ ሳጥን ስትልኩ ፊት ለፊት፣ ጀርባ ለጀርባ አቁሟቸው፤ በመካከላቸው ከሁሉም የሚሰፋ ጠንካራ ካርቶን ይግባ። መጠናቸው በጣም ከተለያየ ትንሹ የትልቁን ሸራ መሀል ይጫናል፤ እንግዲያው ለእያንዳንዱ የተለየ ቤት ያለው ሳጥን ይሠራ።

ስለ ሙቀትና እርጥበት አንድ ነገር በደንብ ያዙ። ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጡ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ የንብ ሰም በ62 እና 64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፣ ከዚያም አስቀድሞ ይለሰልሳል። በሰም የተሠራ ሥራ ለቀን ሙቀት አይሰጥም። በእንጨት ገበታ ላይ የተሣለ ሥዕል ግን የሚፈራው የእርጥበት ለውጥ ነው። የታሸገበት ክፍል እርጥበት የተረጋጋ መሆኑን አረጋግጡና ሥራውን በወፍራም የፖሊኢቲሊን ከረጢት ዝጉት። ደረቅ ሲሊካ ጄል እንዲሁ አትጨምሩ፤ እርጥበቱን ከገበታው ራሱ ይመጥና እንጨቱ ይጎብጣል። ጄል የሚገባው አስቀድሞ ሥራው ወደኖረበት እርጥበት፣ ለምሳሌ ወደ 50 በመቶ፣ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

ዋጋ ስትጠይቁ የአየር ጭነት በኪሎ ብቻ እንደማይሰላ እወቁ። ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6,000 ይካፈላል፤ ብዙ ፈጣን መልእክት አድራሾች ለ5,000 ያካፍላሉ። ከእውነተኛው ክብደት ጋር ተነጻጽሮ የሚበልጠው ይከፈላል። 120 በ100 በ25 የሆነ ሳጥን 28 ኪሎ ግራም ቢመዝንም የሚከፈልበት 50 ነው፣ በሁለተኛው ስሌት 60። ስለዚህ የሳጥኑን ውፍረት በ3 ሴንቲ ሜትር መቀነስ እንጨቱን ከማቅለል ይልቅ ይቆጥባል። ከፍታው ከ160 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ሳጥን በመንገደኞች አውሮፕላን ሆድ ውስጥ አይገባም፤ የጭነት አውሮፕላን ያስፈልገዋል። የተቀባዩን በርና ደረጃም አስቀድማችሁ አስለኩ።

ምልክቱ አጭር ይሁን፦ ወደ ላይ የሚያሳዩ ቀስቶች፣ ብርጭቆ፣ ጃንጥላ፤ ቢያንስ በሁለት ጎን። የሥራውን ስም፣ የሠዓሊውን ስም፣ ዋጋውን ሳጥኑ ላይ አትጻፉ። ምት ወይም ማዘንበል ሲደርስ ቀለሙን የሚቀይረው መለጠፊያ ጉዳቱን አይከለክልም፤ ተሸካሚውን ግን ያስጠነቅቃል፣ ለክርክርም ይረዳል። በክዳኑ ውስጥ የአከፋፈቱን ቅደም ተከተል በፎቶ ለጥፉ።

መኪና ላይ ሥዕል በረጅም ጎኑ ቆሞ፣ ፊቱ ከመንገዱ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሆኖ ይጓዛል። ፊቱ ወደ ሹፌሩ ከዞረ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሸራው ወደ ፊት ይወጠራል። ሳጥኑ ከግድግዳው ጋር በቀበቶ ይታሰር፣ ላዩ ላይም ምንም አይጫን። በብረት ባሌስትራ ፈንታ በአየር ከረጢት ላይ የሚንሳፈፍ መኪና ከተገኘ ንዝረቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

ሲደርስ ሳጥኑን ወዲያው አትክፈቱ። ከብርድ የመጣ ሳጥን በሞቀ ክፍል ሲከፈት ጠል ሥራው ላይ ያርፋል፤ 24 ሰዓት በሚቆይበት ክፍል ውስጥ ዝግ ሆኖ ይረፍ። ከመክፈታችሁ በፊት ግን ውጪውን በፎቶ ያዙ፤ ተመትቶ ወይም መለጠፊያው ቀለም ቀይሮ ከሆነ የማስረከቢያው ሰነድ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ጻፉት። ሥራው ወጥቶ ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር በዚያው የጎን ብርሃን ይነጻጸር። ጉዳት ካለ እጃችሁን አንሡ፤ የወደቀ የቀለም ቅርፊት እንኳ በወረቀት ተይዞ ይቀመጥ፣ ባለሙያ ወደ ቦታው ሊመልሰው ይችላል። ፎሙን፣ ጥቅሉን፣ የተሰበረውን መስታወት ሳይቀር አትጣሉ፤ የኢንሹራንሱ ገምጋሚ የሚጠይቀው እነሱን ነው፣ የማስታወቂያው ጊዜም ብዙ ጊዜ ጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ ውላችሁን አስቀድማችሁ አንብቡ። ጉዳት ከሌለ ፎሙን በቁጥሩ ቅደም ተከተል ሳጥኑ ውስጥ መልሱ፣ ብሎኖቹን በከረጢት አድርጋችሁ ክዳኑ ላይ እሰሩ፣ ሳጥኑንም ሥራው ባለበት ክፍል ወይም ተመሳሳይ እርጥበት ባለው ቦታ አስቀምጡት፤ በረጠበ ምድር ቤት የከረመ ሳጥን ለመልሱ ጉዞ ሲዘጋ ያንን እርጥበት ለሥዕሉ ይሰጠዋል።